አጋዘን የማይወደው አጥር

ለአንድ ሳምንት ከቤት ርቄ ተመለስኩ። መጋረጃውን ስገልጥ ጎረቤቴ ማዕድ ቤቷ ውስጥ ቆማ ፊት ለፊት ተያየን። ስሄድ እኮ በመሀላችን አረንጓዴ ግድግዳ ነበር።

ቱያ የሚባሉትን የአጥር ዛፎቼን አጋዘን ጨርሷቸዋል። ከመሬት እስከ ቁመቴ ድረስ ቅጠል የሚባል የለም። ከዚያ በላይ ያለው አልተነካም። አጋዘን አንገቱን መዝዞ እስከ 1.8 ሜትር ገደማ ይደርሳል። የሰው ዓይንም የሚያርፈው ከዚያ በታች ነው። ዛፉን የተከልኩለት ክፍል ተበልቶ የማያስፈልገኝ ቀረልኝ።

መጀመሪያ ጥንቸል ጠርጥሬ ነበር። ጠጋ ብዬ ሳይ ግን የቅርንጫፉ ጫፍ ተቦጫጭቆ ክር ክር ብሏል። ጥንቸል ስትበላ በምላጭ የተቆረጠ ነው የሚመስለው። አጋዘን የላይኛው የፊት ጥርስ የለውም፤ ነክሶ ይጎትታል።

ያቆጠቁጣል ብዬ 2 ዓመት ጠበቅኩ። ቱያ ቅጠሉ ፈጽሞ ካለቀበት አሮጌ እንጨት ላይ መልሶ አያቆጠቁጥም። ያ ጊዜ እስካሁን ይቆጨኛል።

አሁን ችግኝ ስመርጥ ቅጠሉን በእጄ ጨመቅ አደርገዋለሁ። የሚወጋ ወይም ሽታው የሚከብድ ከሆነ እወስደዋለሁ። ጥድ ሁለቱንም አለው። ስፕሩስ የሚባለው ቅጠሉ እንደ መርፌ የሆነ ዛፍ ይወጋል። ቦክስውድ የሚባለውን ቁጥቋጦ አጋዘን ይሸሸዋል፣ ግን እድገቱ አዝጋሚ ነው። ዪው የሚባለው ዛፍ ፈረስ የሚገድል መርዝ አለው፤ አጋዘን ግን በደስታ ይበላዋል። ስለዚህ መርዛማነቱን ብቻ አይታችሁ አትግዙ። ከቱያ ወገን ግሪን ጃያንት የሚባለውን አጋዘን ብዙ ጊዜ ሳይነካ ያልፈዋል። ዛፉ ሲመቸው በዓመት እስከ 90 ሳንቲሜትር ያድጋል፣ ከ15 ሜትርም ያልፋል። ለጠባብ ግቢ አልመክረውም።

ፈጽሞ የማይበላ ዛፍ ግን የለም። በረዶ ሣሩን ሲሸፍንበት የተራበ አጋዘን ሁሉንም ይሞክራል። ብርዱ ከመግባቱ በፊት ደግሞ ወንዱ ቀንዱን ለጋ ግንድ ላይ እየፈተገ ልጡን ይገፈዋል። እሾህ እንኳ አይመልሰውም። ለዚህ ነው ችግኞቼን 2.4 ሜትር ከፍታ ባለው መረብ ያጠርኳቸው።

ስትተክሉ ጉድጓዱ ይስፋ እንጂ አይጥለቅ። ግንዱ ከሥሩ የሚገናኝበት ቦታ ከተቀበረ ዛፉ ቀስ በቀስ ይታፈናል። እኔ ጥድና ስፕሩስ እያፈራረቅኩ በሁለት ረድፍ ተከልኩ፤ የኋላው ረድፍ የፊተኛውን ክፍተት ይሸፍናል። አንዱን ዓይነት በሽታ ቢገባው ሌላው ይቆማል።

ባለፈው ሳምንት አንዱ መረብ ወድቆ ነበር። ጭቃው ላይ የኮቴ ዱካ አየሁ። ጥዱ ድረስ መጥቶ ዞሮ ሄዷል። ግንዱ ሥር አንዲት ቀንበጥ ተነክሳ ተተፍታለች።