ላፊን ለማየት ቻርለስተን ድረስ

ከሲልቨር ስፕሪንግ ሳውዝ ካሮላይና ድረስ የነዳሁት ለአጎቴ ለጋሼ ስል ነው። በንጉሡ ጊዜ ምጽዋ ባሕር ኃይል ያገለገሉ ሰው ናቸው፣ ላፊ የምትባለዋን የአሜሪካ ዲስትሮየር (ፈጣን የጦር መርከብ) ሳላይ እንዳልሞት እያሉ ስንት ጊዜ ነግረውኛል። መንገዱ ቨርጂኒያ ላይ ትራፊክ ነው፣ ከዛ በኋላ ጥድ ብቻ። ያደርንበት ሞቴል ግን በጣም አናደደኝ፣ ኤሲው ሌሊቱን ሙሉ ሲያጓራ ጋሼ አይናቸውን ሳይከድኑ ነጋ፣ ጠዋት ስንወጣ ደግሞ ማታ ያልነገሩንን 25 ዶላር ጨምረው ጠበቁን። እኛ ጋ ሽማግሌ ይዞ የመጣ እንግዳ እንዲህ አይደረግም።

ላፊ ያለችው ቻርለስተን አጠገብ ፓትሪየትስ ፖይንት የሚባል የመርከብ ሙዚየም ነው፣ ትልቋ አውሮፕላን ተሸካሚ ዮርክታውን ካለችበት። ከሷ ጋር ስትተያይ ትንሽዬ ናት፣ ያ ሁሉ እሳት በዚች ላይ ነው የወረደው? ኤፕሪል 16 1945 ኦኪናዋ የምትባል የጃፓን ደሴት አጠገብ በ80 ደቂቃ ውስጥ 22 የጃፓን አውሮፕላኖች ተፈራረቁባት፣ 6 ካሚካዜ (አብራሪው ሆን ብሎ ከነራሱ የሚያላትመው አውሮፕላን) ተከሰከሰባት፣ 4 ቦምብ መታት፣ 32 ሰው ሞተ 71 ቆሰለ፣ መሪዋ ተቆልፎ ኋላዋ እየነደደ አዛዧ ቤክተን አንድ መድፍ እስከተኮሰ ድረስ መርከቤን አልለቅም አሉ።

እኔን የያዘኝ ግን አመጣጧ ነው። ተጎትታ ወጥታ ቀዳዳዋ እንደነገሩ ተለጣጥፎ፣ በሳይፓን በኢኒዌቶክ በሀዋይ አድርጋ ያን ሁሉ ፓስፊክ አቋርጣ ሜይ 24 ዋሽንግተን ስቴት ገባች። ጀርመን እጅ ሰጥታለች፣ ከጃፓን ጋር ግን ገና ነው፣ ብዙ ሰው ጦርነቱ ያለቀ መስሎታል፣ ስለዚህ ሳይጠግኗት በፊት የተቀደደ ብረቷን ሕዝቡ ገብቶ እንዲያይ ከፈቱለት። ትክክል አደረጉ! ጋሼም እንደዛ ነው ያሉት።

በጎ ፈቃደኛ አስጎብኚው ነጭ ፀጉር ያላቸው ሰው ነበሩ፣ ጋሼን ክንዳቸውን ይዘው በዛ ቀጥ ያለ መሰላል ቀስ አድርገው አወረዷቸው፣ መቼም አልረሳቸውም። በ2009 ሆዷ ተበስቶ ውሃ ሲገባ ለጥገና ተጎትታ ሄዳ፣ 9 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶባት በ2012 እንደገና መመለሷን የነገሩን እሳቸው ናቸው። ይሄኔ ጋሼ የኛን ባሕር ኃይል መርከብ "ኢትዮጵያ"ን አነሱ። ድሮ ኦርካ የምትባል የአሜሪካ መርከብ ነበረች፣ በ1962 ለእኛ ተሰጠች፣ በ1991 የመን ገብታ እዛው ቀረች፣ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። አንዷ ሁለቴ ቤቷ ስትገባ አንዷ አንዴም አልተመለሰችም፣ እኔ ይሄ ያንገበግበኛል። ሁለቱ ሽማግሌዎች መድፉ ስር ቆመው ረጅም ሰዓት አወሩ፣ ማንም አላጣደፋቸውም።

ስንመለስ ጋሼ አልተኙም፣ ጃንሆይ ለባሕር ኃይል ቀን ምጽዋ ሲወርዱ የውጭ መርከቦች እንዴት ይሰለፉ እንደነበር ሪችመንድ እስክንደርስ ሲነግሩኝ ነበር። ቀጥሎ ፊላደልፊያ ያለችውን አሮጌ የጦር መርከብ ኦሊምፒያን ማየት እፈልጋለሁ ብለዋል፣ እሷ ደግሞ ቅርብ ናት፣ ደርሰን መመለስ እንችላለን።