ጎንደር ላይ የጫጩት መፈልፈያ እንዴት እንደሰራን

ሰላም ነው? እኔና የክፍሌ ልጆች 11ኛ ክፍል ነን፣ ለሳይንስ ክበብ የእንቁላል መፈልፈያ ሰርተን ጫጩት አውጥተናል፣ መስራት የሚፈልግ ካለ የሚጠቅመውን ልንገራችሁ።

ለሳጥኑ ብዙ አትጨነቁ። እኛ የተበላሸ ትንሽ ፍሪጅ ነው የወሰድነው፣ ግድግዳው ፎም ስላለው ሙቀት ይይዛል፣ ግን በድሪል መብሳት የግድ ነው ምክንያቱም እንቁላል ውስጥ ያለው ጫጩት አየር ይፈልጋል፣ ጎንደር ደግሞ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ራሱ ሳሳ ያለ ነው። ማሞቂያው ያ የድሮው ቢጫ አምፖል ነው፣ ኤልኢዲ ብዙም አይሞቅም፣ ቅዳሜ ገበያ ዞረን ነው ያገኘነው። ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣች ባለ 12 ቮልት ፋን አየሩን ታዞረዋለች፣ እሷ ከሌለች ላዩ ይግላል ታቹ ይበርዳል።

ዋናው ነገር ቴርሞሜትሩ ነው፣ እዚህ ላይ ጊዜ አትቆጥቡ! እንቁላሉ 37.5 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈልገው፣ ትንሽ ቢበርድ ጫጩቱ ይዘገያል፣ ከ40 በላይ ወጥቶ ከቆየ ግን ይሞታል። የገዛችሁት ቴርሞስታት (ሙቀቱን በሴንሰር እየለካ አምፖሉን የሚያበራና የሚያጠፋው) እውነት መናገሩን በምን ታውቃላችሁ? የፈላ ውሃ 100 ነው ብላችሁ እንዳታስተካክሉት፣ እኛ ጋ ውሃ የሚፈላው 93 አካባቢ ነው፣ ከፍታው ነው የሚያወርደው። በረዶ ግን እዚህም 0 ነው፣ ስለዚህ ከጁስ ቤት በረዶ ለምነን ፈጭተን ትንሽ ውሃ ጨምረን ሴንሰሩን ከተትነው። ከዛ ቤት ያለውን የትኩሳት መለኪያ አመጣን፣ እሱ ከ35 እስከ 42 ስለሚያነብ ልክ የምንፈልገው ቦታ ላይ ነው፣ ሁለቱን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አንድ ላይ አድርጎ ማወዳደር ነው። ይሄን ዘዴ በጣም ነው የወደድኩት።

መብራት ሲጠፋስ? ሃይላንድ ውሃ ሞልታችሁ ከታች ደርድሩ፣ ከሳጥኑ ጋር ይሞቅና መብራት ሲሄድ ቀስ እያለ ሙቀቱን ይመልሳል፣ ከቆየ ከፔርሙዝ ሙቅ ውሃ ቀይሩበት።

እንቁላል ከሱቅ አትግዙ፣ የፈረንጅ ዶሮው አውራ ስለሌለው አይፈለፈልም፣ አውራ ዶሮ ካለበት ቤት ሳምንት ያልሞላው አምጡ። በአንዱ ጎን ሀ በሌላው ለ ብላችሁ በእርሳስ ጻፉና በቀን 3 ጊዜ አገላብጡ፣ እናቴ «ዶሮዋስ ስትታቀፍ በአፏ ታዞረው የለ እንዴ» ነው ያለችኝ፣ ልክ ናት። ጎዶሎ ቁጥር የሚሆነው ሌሊቱን ሁሌ በአንድ ጎን እንዳያድር ነው።

18ኛው ቀን ላይ ማገላበጥ አቁሙ፣ ውሃ ያለበት ሰፋ ያለ ሳህን አስገቡ፣ እርጥበት ካነሰ ውስጠኛው ስስ ሽፋን ይደርቅና ጫጩቱን ይይዘዋል። በ21ኛው ቀን ድምፅ ስትሰሙ ሰፈሩ ሁሉ ክፈቱ ክፈቱ ይላችኋል፣ አትስሙ፣ ላባቸው እስኪደርቅ ይቆዩ፣ አስኳሉን ሆዳቸው ውስጥ ይዘው ስለሚወጡ የመጀመሪያውን ቀን ሳይበሉ ቢቆዩ አይጎዱም።