ከኮምቦልቻ ኔልስፕሪት፦ ዋልያዎቹን ተከትለን

ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ሱዳንን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸነፍን። ኦምዱርማን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን ስለነበር ድምር ውጤቱ 5 ለ 5 ሆነ፤ ከሜዳችን ውጪ ያገባናቸው ሦስት ግቦች ለአፍሪካ ዋንጫ አሳለፉን። ከ31 ዓመት በኋላ! እኔ የ1974ቱን የሊቢያ ውድድር የማውቀው አባቴ ሲያወራ በመስማት ብቻ ነው። ያን ዕለት ማታ ኮምቦልቻ ውስጥ ጨዋታውን ያየንበት ቡና ቤት ሳይዘጋ የእቁባችን ዳኛ ተነሥቶ «የዚህ ዙር ገንዘብ ለማንም አይወጣም፤ ደቡብ አፍሪካ ያደርሰናል» አለ። አንድም የተቃወመ አልነበረም።

እኔ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነኝ። ሌሎቹ ደሴ የሚያስተምር መምህር፣ የጭነት መኪና ባለቤትና የፋብሪካ ሠራተኛ ናቸው። ሁለታችን ክርስቲያን፣ ሁለቱ ሙስሊም፤ ወሎ እንዲህ ነው። ስለ ቪዛው አላስረዝምም። የባንክ ሒሳብ ማስረጃ፣ የንግድ ፈቃድ፣ የሆቴል ማስያዣ፣ እንደገና ሌላ ማስረጃ፣ ከዚያም መጠበቅ። ፓስፖርታችን የተመለሰልን ጥምቀት ሊገባ ሲል ነበር። እናቴ ዳቦ ቆሎ ቋጠረችልኝና «በዓሉን ጥለህ የምትሄደው ለአገር ከሆነ ይሁን» ብላ መረቀችኝ።

ጆሃንስበርግ መሐል ከተማ ጄፔ የሚባል ጎዳና አለ። ፎቆቹ ከታች እስከ ላይ በኢትዮጵያውያን ሱቆች የተሞሉ ናቸው፤ ብርድ ልብስ፣ ጫማ፣ የሕፃናት ልብስ። የአማርኛ ማስታወቂያ ተለጥፏል፣ የቡናው ሽታ ደረጃውን ሞልቶታል። አንድ የሆሳዕና ልጅ ከየት እንደመጣን ጠየቀንና ከወሎ ስንለው እጃችንን ለረጅም ጊዜ አልለቀቀም። «ጋሼ፣ ሰኞ ማንም ሱቅ አይከፍትም፤ እኔ ሚኒባስ ተከራይቻለሁ፤ አብረን እንሄዳለን» አለኝ። የነዳጅ ድርሻችንን ስንሰጠው ተቆጣ። «ከአገር ቤት መጥታችሁ እንዴት ትከፍላላችሁ?» ይህ ልጅ ወላጆቹን ካየ ዓመታት አልፈዋል። እኛን ሲያይ ማንን እንዳየ አውቃለሁ።

ከጆሃንስበርግ ኔልስፕሪት ከደሴ አዲስ አበባ ከሚወስደው ትንሽ ያነሰ መንገድ ነው። መጀመሪያ ሜዳና የበቆሎ ማሳ ብቻ ነው። ከዚያ መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሐረጎን ጨርሰው ኮምቦልቻ ሲገቡ እንደሚሆነው፣ አየሩ በአንዴ ይሞቅና ጃኬት ይወልቃል። ግራና ቀኙ የብርቱካን እርሻ ነው። በየነዳጅ ማደያው አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ የለበሱ ሰዎች የሞሉባቸው አውቶቡሶች ቆመው ነበር። ሰው ከመኪና እየወረደ የማያውቀውን ሰው ያቅፋል።

የምቦምቤላ ስታዲየም ጣሪያ የቆመው በቀጭኔ ቅርጽ በተሠሩ 18 ብርቱካናማ ምሰሶዎች ላይ ነው። መቀመጫዎቹ የሜዳ አህያ ቆዳ ይመስላሉ። ጥር 13 ቀን ግን መቀመጫውን የሚያይ አልነበረም፤ ሁሉ ቆሟል። የገጠምነው የዋንጫውን ባለቤት ዛምቢያን ነው፤ የሚጮኸው ግን እኛ ነበርን።

ሳላዲን ሰኢድ የመታውን ፍጹም ቅጣት ምት የዛምቢያው ግብ ጠባቂ ምዊኒ አዳነበት። ብዙም ሳይቆይ ግብ ጠባቂያችን ጀማል ጣሰው ከክልሉ ወጥቶ ከዛምቢያ ተጫዋች ጋር ተጋጨና ቀይ ካርድ ተመዘዘበት። ያን ጊዜ ከደጋፊው መሐል ቩቩዜላና ጠርሙስ ወደ ሜዳ መወርወር ተጀመረ፣ ጨዋታውም ተቋረጠ። ይህን ሳልጽፍ አላልፍም። ያን ሁሉ መንገድ ተጉዘን የመጣነው ልጆቻችንን ለማበረታታት ነው፤ የሚወረወረው ዕቃ ግን የሚያርፈው እነርሱ ላይ ነበር። የጭነት መኪና ባለቤቱ ጓደኛችን ከፊታችን የነበረን አንድ ወጣት ክንዱን ያዘና «ወንድሜ፣ ተው! ልጆቹ እየተጫወቱ ነው፣ ተው!» አለው። ወጣቱ ቩቩዜላውን አወረደ። ፊቱ በእንባ ርሶ ነበር።

አንድ የሜዳ ተጫዋች ወጥቶ ዘሪሁን ታደለ ግብ ጠባቂ ሆኖ ገባ። የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ሲል የዛምቢያው ምቤሱማ አገባብን።

ከዚያ በኋላ ያየሁት ነው ይህን ሁሉ የሚያስጽፈኝ። ቴሌቪዥን የሚከተለው ኳስን ነው። ከመቀመጫ ላይ ግን ኳስ የሌለበትን ሜዳ ታያለህ። ኳስ በአንዱ ጥግ ስትሆን በሌላው ጥግ ያሉት ተጫዋቾቻችን በእጅ እየተጠቋቆሙ የጎደለውን ሰው ቦታ ሲሸፍኑ፣ አንዱ ወደ ፊት ሲሄድ ሌላው ወዲያው ተመልሶ ሲተካው፣ ጉልበታቸውን ይዘው ጎንበስ ብለው ሲተነፍሱና ቀና ብለው እንደገና ሲሮጡ አየሁ። ዐሥር ሰው ዐሥራ አንድ ሰው ሲያህል በዓይኔ አየሁ። በ65ኛው ደቂቃ አዳነ ግርማ አቻ አደረገን። ኳሷ መረቡን ስትነካ አላየሁም፤ ከፊቴ ያሉት ሁሉ ዘለው ነበርና። የሆሳዕናው ልጅ አንገቴን አቅፎ ሲጮህ ነው ያወቅሁት። 1 ለ 1 ወጣን።

ሐሙስ መውሊድ ነበር። ጓደኞቻችን ከቤታቸው ርቀው እንዳይከፋቸው ብለን ጄፔ አንድ ኢትዮጵያዊ ቤት ቡና አስፈላን፤ የፋብሪካው ሠራተኛ ዝግ ባለ ድምፅ መንዙማ አወረደ፣ ከማዶ ጠረጴዛ የነበሩ የማናውቃቸው ሰዎችም እየተቀበሉት ተጠጉን። በማግስቱ ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 አሸነፈን። ስለ እርሱ የምጽፈው የለኝም።

ማክሰኞ፣ በአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ ሩስተንበርግ ላይ ናይጄሪያን እስከ 80ኛው ደቂቃ ድረስ ያለ ግብ ይዘን ቆየን። ከዚያ ቪክተር ሞሰስ በሁለት ፍጹም ቅጣት ምት አገባብን። ግብ ጠባቂያችን ሲሳይ ባንጫ በቀይ ሲወጣ ቅያሪ ጨርሰን ስለነበር አማካዩ አዲስ ህንፃ የግብ ጠባቂ ማሊያ ለብሶ ቆመ። ተሸንፈን ወጣን፤ ግን ማን ነበር ምድባችን ውስጥ የነበረው? ዛምቢያ ያለፈው ዋንጫ ባለቤት፣ ናይጄሪያና ቡርኪና ፋሶ ደግሞ ለፍጻሜ የደረሱት ሁለቱ። ስለዚያ ቡድን ማንም በክፉ ሲያወራ ዝም አልልም።

ዛሬ የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ስታዲየሞቻችን ደረጃውን አያሟሉም ተብለው በአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ከታገዱ በኋላ «የሜዳችን» ጨዋታ በባዕድ አገር ሆነ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ግቦች 2 ለ 0 ስናሸንፍ ባለሜዳዎቹ እኛ ነበርን፤ ሜዳው ግን ማላዊ ሊሎንግዌ ነበር። ሽመልስን እኔ ኔልስፕሪት ላይ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ልጄ ግን አይቶት አያውቅም፤ ግብፅን ስናሸንፍም ሳሎናችን ውስጥ ብቻውን ነው የዘለለው። የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች ብሔራዊ ቡድናቸውን በሜዳው ለማየት ቪዛ ሊጠይቁ አይገባም።

እቁቡ አሁንም አለ። ዳኛውም ያው ነው። አገር ውስጥ የሚደረግ ጨዋታ በተገለጸ ዕለት አውቶቡስ ተከራይተን፣ ልጆቻችንን ይዘን እንነሣለን።