ሁለት ሻማ በካርፓቲያን ተራራ ላይ

የሮማኒያዋ ከተማ ሲቢዩ የገባሁት ሌሊት ነው። ጠዋት መስኮት ስከፍት ማዶ ካለው ጣሪያ ሁለት ዓይኖች አፈጠጡብኝ። የቆርቆሮ ቤት ልጅ ነኝና ደነገጥኩ። የሰገነት መስኮቶች ናቸው፤ የጥንት ግንበኞች ልክ እንደ ግማሽ የተከደነ የዓይን ቆብ አድርገዋቸዋል።

ሮማኒያዊው ጸሐፊና ፈላስፋ ኤሚል ቾራን በሃያ ዓመቱ ገደማ እንቅልፍ አጥቶ ሌሊቱን ሲዞር የሚያድረው እዚህ ከተማ ነበር። አንድ ቀን ሶፋ ላይ ወድቆ "ከዚህ በላይ አልቻልኩም" ቢል፣ እናቱ "እንዲህ መሆንህን ባውቅ አስወርድህ ነበር" አለችው። እሱ በኋላ ሲያወራው እፎይ አልኩ ይላል፤ እንዲያው በአጋጣሚ የተገኘሁ ከሆንኩ ምን አስጨነቀኝ ብሎ። የኛ እናቶች ቢሆኑ ጠበል ነበር የሚወስዱት። ከዚያ እንቅልፍ ማጣት የመጀመሪያ መጽሐፉ ወጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1934።

ወደ ትውልድ መንደሩ ራሺናሪ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመንደሩ መሃል ወንዝ ይወርዳል፤ የበግ አይብ በየደጁ ይሸጣል። ቾራን በ1911 እዚህ ተወለደ፣ የኦርቶዶክስ ቄስ ልጅ ሆኖ። መቃብር ቆፋሪው ወዳጁ ስለነበር የራስ ቅል እየተቀበለ ኳስ ይጫወትበት ነበር። የመቃብሩን አጥር ይዤ ቆምኩ። አንድ ሽማግሌ በማጭድ ሣር ያጭዳሉ፤ የእርጥብ ሣሩ ሽታ መንገድ ድረስ ይመጣል። መወለድን እንደ ጥፋት የቆጠረው ያ ሰው ይህን ቦታ ገነት ይለው ነበር። በአሥር ዓመቱ ለትምህርት በፈረስ ጋሪ ወደ ሲቢዩ ሲወስዱት የተሰማውን እስከ እርጅናው አልረሳውም።

በ1930ዎቹ ሂትለርንና የአገሩን ፋሺስቶች አወድሶ ጽፏል፤ በኋላ አፍሮበታል፣ እኔ ግን ሐውልቱ ፊት ፎቶ መነሳት አልሆነልኝም። በ1937 ፓሪስ ሄደ፣ በ1949 የመጀመሪያውን የፈረንሳይኛ መጽሐፉን አሳተመ፣ በ1995 እዚያው ሞተ። ከ1941 በኋላ አገሩ አልተመለሰም።

መንገዱ ግን ራሺናሪ ላይ አያበቃም። በጥድ ደን መሃል እየተጠማዘዘ ወደ ፐልቲኒሽ ይወጣል። ከፍታው 1400 ሜትር ገደማ ነው፤ በኛ አቆጣጠር ቆላ፣ ብርዱ ግን በሰኔም የደብረ ብርሃን ነው። ፈላስፋው ኮንስታንቲን ኖይካ የመጨረሻ ዓመታቱን እዚህ በአንዲት ጠባብ ክፍል ኖሯል፤ ወጣቶች ለመማር ተራራውን ይወጡ ነበር።

ኖይካ የቾራን የወጣትነት ጓደኛ ነው። በ1957 ቾራን ፓሪስ ላይ በመጽሔት "ለሩቅ ወዳጅ" ብሎ ደብዳቤ አወጣለት። ኖይካም መለሰ። በ1958 የሮማኒያ ኮሚኒስት መንግሥት አሰረው፤ ከክሶቹ አንዱ ያ መልስ ነበር። 25 ዓመት ተፈረደበት፣ በ1964 በምሕረት ወጣ። ደብዳቤውን የጀመረው ፓሪስ ሆኖ በሰላም ይጽፋል፣ መልሱን የጻፈው ወህኒ ይወርዳል። ይህን ሳስብ ዳገቱ ከበደኝ።

ኖይካ በ1987 አርፎ ከትንሿ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ተቀብሯል። የሮማኒያ አብያተ ክርስቲያናት ሻማ የሚበራበት ሁለት ቦታ አላቸው፤ አንዱ ለሕያዋን፣ ሌላው ለሙታን። ሁለት ሻማ ገዛሁና ሁለቱንም የሙታኑ አሸዋ ላይ ጎን ለጎን ተከልኳቸው። ሻጯ እናት በእጃቸው "ለማን?" የሚል ምልክት አሳዩኝ። አንዱን ወደ መቃብሩ ጠቆምኩ። የሁለተኛውን፣ የቄሱን ልጅ ነገር፣ በምልክት እንዴት እንደማስረዳቸው አላወቅኩምና ዝም አልኩ።