ስድስት ኪሎ ማር፣ ስድስት ኪሎ ላይ

ሰው የእረፍት ቀኑን እንደየዝንባሌው ያሳልፋል። ጎረቤቴ ኳስ ያያል። የቢሮ ባልደረባዬ መኪናውን ያጥባል፤ ንጹሕም ብትሆን ያጥባታል። እኔ ጠጅ እጥላለሁ። እጥላለሁ ነው ያልኩት፤ ጠጪነቴስ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከአንድ ብርሌ ካለፍኩ ጆሮዬ ይግልና የልጅነት ታሪኬን ማውራት እጀምራለሁ፤ ቤተሰቤ ደግሞ ያንን ታሪክ በቃሉ ያውቀዋል። የእኔ ደስታ ማሩን መበጥበጥ፣ ጌሾውን መቀቀል፣ ከዚያም ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው።

ኮንዶሚኒየም ግን ለጠጅ ተብሎ የተሠራ ቤት አይደለም። መጀመሪያ በእንስራ ሞክሬ ነበር። እንስራ ደግሞ በወይራ ካልታጠነ ምኑን እንስራ ሆነ? ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ በር ዘግቼ ወይራዬን ሳጤስ ጎረቤቶቼ ባልዲ ይዘው በሩን ሊገነጥሉት ምንም አልቀራቸው። አንደኛዋ እስከ ዛሬ ደረጃ ላይ ስታገኘኝ «ዛሬስ ሰላም ነው?» እያለች አየሩን ታሸታለች። ስለዚህ ወደ ፕላስቲክ ዞርኩ። 20 ሊትር የሚይዝ ቢጫ ጄሪካን አለኝ። አያቴ ቢያዩኝ ያዝኑብኝ ነበር፤ ጎረቤቶቼ ግን ተኝተው ያድራሉ።

በየማለዳው ፊቴን ከመታጠቤ በፊት ጆሮዬን ጄሪካኑ ላይ ለጥፌ አዳምጣለሁ። የተሳካ ጠጅ ያወራል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያንሾካሹካል፣ ሳምንት ሲሞላው ይንተከተካል፣ ከዚያ እየቆየ እየቆየ ይተነፍሳል። ባለቤቴ «የልጆቹን ሳል እንዲህ ብታዳምጥ!» ትለኛለች። ብዙ ጊዜ አስረድቻታለሁ። ጠጅ ከውጭ እርሾ አይጨመርበትም፤ ከማሩና ከጌሾው ጋር የሚመጣው፣ በዓይን የማይታየው እርሾ ስኳሩን እየበላ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ የምሰማውም የዚያን ጋዝ ድምፅ ነው። በዚህም ምክንያት በቤታችን አንድ ሕግ ጸንቶ ይኖራል፤ የጄሪካኑ ክዳን አይጠብቅም። ላላ ብሎ ይቀመጣል፣ ከላዩ ንጹሕ ጨርቅ ይደረብበታል። ልጆቹ ያውቁታል፣ ሠራተኛችን ታውቀዋለች፣ ባለቤቴ ባትወደውም ታከብረዋለች። ያላወቁት ከደብረ ብርሃን ሊጠይቁን የመጡት አማቴ ብቻ ነበሩ።

ነገሩ የሆነው ለኅዳር ሚካኤል ነው። ሽሮ ሜዳ የምትኖረው አክስቴ የጽዋ ማኅበር አላት፤ ተራው ደርሶባት ነበር። ጠላውን አንቺ ጥመቂ፣ ጠጁን ለእኔ ተይው አልኳት። ጠጅ ይቅረብ ያለ ሰው አልነበረም፤ እኔ ግን ሥራዬን የሚቀምስ ሰው ካገኘሁ ሳልጠየቅ ነው የምነሣው። ለዚህ ቀን ብዬ ያስቀመጥኩት 6 ኪሎ ማር ነበረኝ፤ ከማሻ የመጣ፣ ገተም ከሚባለው ዛፍ አበባ ንብ የሠራችው ነጭ ማር። አንድ እጅ ማር በአራት እጅ ውኃ በጠበጥኩት። ጌሾውን እንጨት እንጨቱን መርጬ፣ በጥቂት ብርዝ ቀቅዬ መለስኩት። ጌሾ ላይ ቀልድ አላውቅም። ከበዛ ምላስ ያሥራል፣ ካነሰ ጠጁ ብርዝ ሆኖ ይቀራል። የእኔ ልክ ከአያቴ የወረስኩት ነው፤ በሚዛን አይለካም፣ በእፍኝ ነው፣ እሱም በእኔ እፍኝ።

ኅዳር 12 እሑድ ዋለ። ጠጁ ተጣርቶ፣ እስከ አንገቱ ሞልቶ፣ ገና በለሆሳስ እየተነፈሰ ነበር። ጠዋት ስነሣ ጄሪካኑን አማቴ በአሮጌ ነጠላ ጠቅልለው፣ አንገቱን በገመድ አሥረው፣ እንደ ሙሽራ ሸፍነው በር አጠገብ አስቀምጠውልኛል። «ሰው ዓይን እንዳይገባ ብዬ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። አመሰገንኳቸው። አማት የጠቀለሉትን ፈትቶ የሚፈትሽ አማች አይቼ አላውቅም፤ እኔም አልጀምረውም።

አዲስ አበባን በኅዳር ሚካኤል የሚያውቅ ጭሱን ያውቃል። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ ከተማዋን ከመታ ወዲህ በዚህ ቀን ቆሻሻ እየተጠረገ በየደጁ ይቃጠላል፤ ኅዳር ሲታጠን ይባላል። ያን ዕለትም ከጀሞ እስከ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ እስከ አራት ኪሎ ሁሉም ደጅ ይጨስ ነበር። ከአራት ኪሎ የሽሮ ሜዳ ታክሲ ስይዝ መስኮቱ ሁሉ ድፍን ብሎ ተዘግቷል። መቼም በአገራችን ታክሲ መስኮት ለመዝጋት ጭስ አያስፈልግም፣ «ንፋስ ይመታናል» የሚል አንድ ሰው ይበቃል። ያን ቀን ግን ሁለቱም ምክንያቶች ተገናኙ።

ጄሪካኑን በጉልበቶቼ መሐል አስገብቼ ተቀመጥኩ። ረዳቱ «ይሄ የአንድ ሰው ቦታ ይዟል፣ ይከፈልበታል» አለ፤ ሳልከራከር ከፈልኩ። ከፊቴ ሦስት ሽማግሌዎች ተደርድረዋል፤ ጋቢያቸው ገና ከሳጥን የወጣ ነው፤ ከዘራቸው ወልውል ብሏል። ከወሬያቸው እንደተረዳሁት ለጥር ሠርግ ልጅ ሊጠይቁ ነበር የሚሄዱት። ከጎኔ ከፀጉር ቤት በቀጥታ የመጣች የምትመስል ወጣት፣ ከኋላ ደግሞ የሚካኤልን ጠበል ጠዲቅ በትልቅ አገልግል የያዙ ሴትዮ አሉ።

ጠጅ መናወጥ አይወድም። ታክሲ ደግሞ ያናውጣል። በዚያ ላይ መንገዱ ወደ እንጦጦ ነው፤ የተራራው አናት ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር አየሩ እየሳሳ፣ የታፈነ ጋዝ ደግሞ እየደፈረ ይሄዳል። ስድስት ኪሎን ዞረን ሽቅብ እንደጀመርን «ስስስ…» የሚል ድምፅ ተሰማ።

«ጎማ ነው» አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

«ጎማ አይደለም፣ ጋዝ ነው!» አሉ ባለ አገልግሏ። ረዳቱ በሩን ያዘ።

እኔ ድምፁን ዐወቅኩት። ለሳምንታት ጆሮዬን ለጥፌበት እንዴት አላውቀው? ገመዱን ለመፍታት ጎንበስ ከማለቴ ታክሲው አንድ ጉብታ ዘለለ። ከዚያ ዷ! ክዳኑ ነጠላውን ቀድዶ፣ ጆሮዬ አጠገብ አልፎ ጣሪያውን መታው። ተከትሎት ጠጁ ተነሣ። ጣሪያውን መታና በእኩልነት ወረደ፤ ጋቢ አልለየ፣ ሹሩባ አልለየ፣ ሾፌር አልለየ። 6 ኪሎ ማር ሰፈሩን አግኝቶ ስድስት ኪሎ ላይ ዘነበ።

ጩኸቱ ሲረግብ ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ። ሰማያዊ የፌስታል ቁራጭ ተለጥፏል። ቅዳሜ ቀይ ሽንኩርት የገዛንበት ፌስታል ነው። አማቴ እንዳይፈስብኝ አስበው ክዳኑን ከውስጥ በፌስታል አጥብቀው ኖሯል።

ከፊቴ ያሉት ትልቁ ሽማግሌ ቀስ ብለው ዞሩ። ጢማቸው ጫፍ ላይ ጠብታ ይንጠለጠላል። ስድብ ጠበቅኩ፤ ቢሰድቡኝም ደስ ባለኝ። እሳቸው ግን የጋቢያቸውን ጫፍ ጨምቀው አጣጣሙና «ማሩስ ማር ነው» አሉ። ትንሽ አሰቡ። «ጌሾው ግን በዝቶበታል።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ይቅርታ የምልበትን ቃል እየመረጥኩ ነበር። ይህን ስሰማ ይቅርታው ከአፌ ጠፋ።

«አባቴ፣ ጌሾው በልኩ ነው» አልኩ። «እርስዎ የቀመሱት ከጋቢው ጋር ነው። የመረረዎት ሳሙናው ይሆናል።»

«ጋቢዬ በእንዶድ የታጠበ ነው።»

«እንግዲያው እንዶዱ ነው!»

ሁለተኛው ሽማግሌ በእጃቸው ጀርባ ላይ የነበረውን ቀምሰው ጌሾው ደህና ነው፣ ጊዜው ነው ያነሰው፣ አንድ ሳምንት ይፈልግ ነበር ብለው ፈረዱ። ሦስተኛው አልቀምስም፣ ለትልቅ ጉዳይ ነው የወጣሁት ብለው አንገታቸውን ደፉ፤ ከንፈራቸውን ግን ሁለት ጊዜ ሲልሱ አይቻለሁ። ባለ ሹሩባዋ ወጣት መስታወት አውጥታ ፀጉሯን አየችና ዓይኗ እንባ አቀረረ። ባለ አገልግሏ ሴትዮ «ማር ለፀጉር ጥሩ ነው ይላሉ፣ የእኔ ልጅ» ብለው አጽናኗት፤ አልተጽናናችም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሾፌሩ መስታወቱን በእጁ እየጠረገ፣ ወዲያና ወዲህ እየረገጠ ይነዳ ነበር። ይህን አነዳድ ያየ የትራፊክ ፖሊስ አስቆመን። ሾፌሩ መስኮቱን ሲያወርድ ለሩብ ሰዓት የታፈነው ሽታ ተግተልትሎ ወጣ። ፖሊሱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ጠጥተሃል?»

«ኧረ በሚካኤል! ተደፍቶብኝ ነው።»

ፖሊሱ በሥራ ዘመኑ ይህን መልስ ስንት ጊዜ እንደሰማው ከፊቱ ያስታውቅ ነበር። መመርመሪያውን አወጣ። ሾፌሩ በሙሉ ልብ ነፋ። መሣሪያው አልኮል አለ አለ።

ሁላችንም ሾፌሩን አየነው። ሾፌሩ ዓይኑን ሰበረ። «ጢሜ ላይ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «አንዴ ነው የላስኩት።»

«ሁለቴ» አለ ረዳቱ።

ፖሊሱ ደግ ሰው ነበር። አፍ ውስጥ የቀረ አልኮል መሣሪያውን ሊያሳስተው እንደሚችል፣ 15 ደቂቃ ተጠብቆ እንደገና መነፋት እንዳለበት ነገረን። ወርደን የመንገዱ ዳር ቆምን። ሾፌሩን ጢሙን በውኃ አስታጠቡት፣ ምላሱንም እንዳያወጣ ረዳቱ ተመደበበት። ፖሊሱ ወደ እኔ መጥቶ በለሰለሰ ድምፅ «ራስህ የጣልከው ነው?» አለኝ። ኩራቴ ሊያመልጠኝ ሲል «ጠጅ ቤት አለህ እንዴ?» ብሎ ጨመረ፤ ፈቃድ የሚባል ነገር ትዝ አለኝና «ለማኅበር ነው፣ ለሚካኤል» ብዬ አሳጠርኩ።

ሽማግሌዎቹ በበኩላቸው ምክር ይዘዋል።

«በር ላይ ምን እንበል?»

«እውነቱን ነዋ። ተደፋብን እንበል።»

«የጠጣ ሰው ሁሉ የሚለው ያንኑ ነው። ሾፌሩን አላየኸውም?»

«ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ጠጅ ጠጅ ይሸታሉ፣ ልጃችንን እንዴት እንሰጣለን ቢሉንስ?»

ትልቁ ሽማግሌ ግራ ቀኝ ሲያዩ ማዶ አንድ ግቢ ደጃፍ ላይ የቆሻሻ ክምር ይጨሳል። ተሻገሩ። ጋቢያቸውን አውልቀው ጭሱ ላይ ዘረጉት፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። የግቢው ባለቤት ለኅዳር በሽታ ያነደደችውን እሳት ሦስት የተከበሩ አዛውንት በየተራ ልብሳቸውን ሲያጥኑበት ስታይ ምን እንዳሰበች አላውቅም፤ ቅጠል ጨመረችላቸው። «ወይራ ቢኖር ይሻል ነበር» አሉ ሁለተኛው። ተሻግሬ እኔም ሸሚዜን አጠንኩ፤ አጋጣሚውን ተጠቅሜም የጌሾውን ነገር እንደገና አነሣሁት። ትልቁ ሽማግሌ ግን በፍርዳቸው ጸኑ። እንዲህ ዓይነት ሰው ለሽምግልና ለምን እንደተመረጠ ገባኝ።

15 ደቂቃው ሞላ፣ ሾፌሩ ነፋ፣ መሣሪያው ዜሮ አለ፣ ረዳቱ አጨበጨበ። ለማጠቢያ ከእኔ የጠየቁትን ገንዘብ እዚህ አልጽፈውም፤ ባለቤቴ ታነበዋለች።

አክስቴ ቤት የደረሰው ጠጅ ግማሽ አይሞላም። አክስቴ በትልቅ ብርሌ ልታቀርብ የነበረውን በስኒ አዞረችው። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪው፣ የጦር ሠራዊት ጡረተኛ ናቸው፤ ስኒያቸውን አንስተው፣ አሽትተው፣ በአንድ ትንፋሽ ጨልጠው አስቀመጡት። እኔ በር አጠገብ ቆሜ ትንፋሼን ይዣለሁ።

«መልካም ነው» አሉ። «ጌሾ አንሶታል እንጂ።»

ማታ ቤት ስገባ አማቴ ደብረ ብርሃን ተመልሰው ነበር፤ ወዲያው ስልክ ደወሉ።

«እንዴት ሆነ ልጄ? አልፈሰሰብህም አይደል?»

ባለቤቴ ከጎኔ ቆማ፣ ሸሚዜን በሁለት ጣቷ ይዛ ታየኛለች።

«ኧረ እማዬ፣ ጠብ አላለም» አልኩ።

«ይኸዋ! ያ ክዳን ላላ ብሎ ሳየው ልቤ አላረፈልኝም፤ በፌስታል ነው ያጠበቅኩልህ። ለገና ስመጣ ሁለት ፌስታል አደርግበታለሁ።»