ዩሪክ አሲድ ከፍ አለ ማለት ሪህ ያዘ ማለት አይደለም

የላቦራቶሪ ወረቀታቸው ላይ ከዩሪክ አሲድ ጎን «ከፍተኛ» የሚል ምልክት ያዩ ብዙ ሰዎች ሪህ እንደያዛቸው አምነው ሥጋን ብቻ ሳይሆን ሽሮና ምስርን ጭምር ሲተዉ ማየቴ ያሳስበኛል። ይህ ቁጥር ከሰውየው ሕመም፣ ከሚወስደው መድኃኒትና ከኩላሊቱ ሁኔታ ጋር አብሮ ካልተነበበ ብቻውን የሚናገረው ጥቂት ነው።

ዩሪክ አሲድ ሰውነት ፒዩሪን የተባሉትን ንጥረ ነገሮች ሲሰባብር የሚቀር ተረፈ ምርት ነው። አብዛኛው ፒዩሪን የሚመጣው ከምንበላው ሳይሆን በየጊዜው ከሚሞቱትና ከሚተኩት የገዛ ሕዋሶቻችን ነው። ከተፈጠረው ዩሪክ አሲድ ሁለት ሦስተኛውን ያህል ኩላሊት በሽንት ያስወግደዋል፤ የቀረው በአንጀት ይወጣል። በደም ውስጥ የሚጠራቀመውም አብዛኛውን ጊዜ ኩላሊት በበቂ መጠን ሳያስወጣው ሲቀር ነው።

የላቦራቶሪዎች መለኪያ በመጠኑ ቢለያይም፣ ለወንዶች እስከ 7፣ ለሴቶች ደግሞ እስከ 6 ሚሊግራም በዴሲሊትር ገደማ እንደ ጤናማ ይቆጠራል። ከ6.8 በላይ ሲሆን ዩሪክ አሲዱ በደም ውስጥ ሟሙቶ መቆየት ስለሚያቅተው በመገጣጠሚያዎች ውስጥ መርፌ የመሰሉ ክሪስታሎችን ሊሠራ ይችላል፤ ሆኖም መጠኑ ከፍ ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ በሪህ ሳይታመሙ ይኖራሉ። በተቃራኒው የእግሩ አውራ ጣት ድንገት አብጦና ቀልቶ እንቅልፍ የነሳው ሰው በዚያው ቀን ቢመረመር ውጤቱ ጤናማ ሊመስል ይችላል፤ በሕመሙ ወቅት መጠኑ ሊቀንስ ስለሚችል ምርመራው ሕመሙ ካለፈ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቢደገም ይመረጣል። ጥርጣሬን በእርግጠኝነት የሚያስወግደው ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው።

ስለ መድኃኒቶች በተለይ ማሳሰብ እወዳለሁ። በሳንባ ነቀርሳ ሕክምና የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት የሚሰጠው ፒራዚናማይድ ዩሪክ አሲድን ከፍ ያደርጋል፤ ለደም ግፊት የሚታዘዘው ሃይድሮክሎሮታያዛይድና በአነስተኛ መጠን የሚወሰድ አስፒሪንም እንዲሁ። ቁጥሩን አይቶ የነቀርሳ መድኃኒት በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ከዩሪክ አሲዱ እጅግ የከፋ አደጋ ያመጣል። ለረጅም ሰዓት ያለ ምግብና ውኃ መቆየትም መጠኑን ለጊዜው ስለሚጨምር፣ ከስቅለት እስከ ፋሲካ ያከፈለ ሰው በማግስቱ ቢመረመር ውጤቱ ሊያሳስተው ይችላል።

ምግብን በተመለከተ ሊቀነሱ የሚገባቸው ዱለትን የመሰሉ የሆድ ዕቃ ምግቦች፣ ሥጋ ማብዛትና ከሁሉም በላይ ቢራ ናቸው፤ ጥራጥሬ ፒዩሪን ቢኖረውም ለሪህ እንደሚያጋልጥ አልታየም።

ቁጥሩ ይበልጥ የሚጠቅመው ሪህ እየተመላለሰበት ዩሪክ አሲድን የሚቀንሰውን መድኃኒት አሎፑሪኖልን ለጀመረ ሰው ነው። የሕክምናው ግብ መጠኑን ከ6 በታች አድርጎ ማቆየት ነው፤ የተጠራቀሙት ክሪስታሎች ሟሙተው የሚያልቁት በወራት ወይም በዓመታት ስለሆነ፣ ሕመሙ ስለጠፋ ብቻ ሐኪም ሳያማክሩ መድኃኒቱን ማቆም አይገባም።