ሸዋ ሮቢት ላይ የበረረችው ሞተር

የእህቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት ደወለልኝ። ሰላምታ የለ፣ እንዴት ዋልክ የለ። «አጎቴ፣ 200 ሲሲ ልግዛ ወይስ 250?» የሞተሩን የኢንጂን መጠን ነው የሚጠይቀኝ። ልጁ ሞተር ነድቶ አያውቅም። ሳይክል እንኳን የነዳው ሰፈር ውስጥ ነው፣ እሱንም በኪራይ። «መጀመሪያ መንጃ ፈቃድህን አውጣ» አልኩት። «እሱ ቀላል ነው» አለኝ። ስልኩን ዘግቼ ሳስበው ግን እኔም በሱ ዕድሜ እንደሱ ነበርኩ፤ እንዲያውም እብስ ነበር። በስልክ ከምንጨቃጨቅ ልጻፈው አልኩ። ለሌላውም ጀማሪ ይሆናል።

እኔ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። የመጀመሪያ ሞተሬን የገዛሁት ግን ሸዋ ሮቢት። አንድ ደላላ «እዚያ ይረክሳል» ብሎኝ ነው። ቀይ፣ ዝቅ ያለች፣ ታንከሯ ላይ የነብር ጥፍር የመሰለ ስቲከር የተለጠፈባት 125 ሲሲ። የየትኛው ፋብሪካ እንደሆነች ልተወው፤ ጥፋቱ የሷ ሳይሆን የኔ ነበር። ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ። ሜዳው ላይ አንዴ ወሰድ መለስ አደረግኳት፤ በረረች! ነፋሱ ሸሚዜን እንደ ፊኛ ነፋው። ዋጋ ተከራክሬያለሁ፣ ግን ዓይኔ ላይ ፍቅሩ ስለሚታይ ሻጩ አምስት ሳንቲም አልቀነሰም።

ከዚያ ሽቅብ ወደ ቤት። ደብረ ሲና እስክደርስ ትንሽ ከበዳት እንጂ ደህና ነበረች። ከደብረ ሲና በላይ የጣርማበር ዳገት ሲጀምር ጉዷ ፈላ። 3ኛ ማርሽ አስገባሁ፣ እምቢ። 2ኛ አስገባሁ፣ እያቃሰተች ትሄዳለች። ነዳጅ ስጨምርላት ጭራሽ ትታፈናለች፣ ከማርሚታዋ ጥቁር ጭስ ይወጣል። ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ አለፈኝ። ሽንኩርት! መንገዱ ዳር የተቀመጡት ጭላዳዎች ሣር መንጨታቸውን ትተው ያዩኝ መሰለኝ። ጣሊያን የሰራው ዋሻ አፍ ላይ ስደርስ ደግሞ ጉም ወረደ፤ መብራቴ ጧፍ ያህል ነው የሚያበራው፣ እጄ ደንዝዞ ፍሪሲዮኑን ይያዝ ይልቀቅ አላውቅም። እዚያ ጋ ወርጄ ቆምኩና «ምን በላኝ?» አልኩ። ጃኬት አልያዝኩም ነበር። ጓንት ደግሞ ለሞተር እንደሚያስፈልግ ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

በማግስቱ እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ሰፈር ያለ አንድ አዛውንት መካኒክ ጋ ወሰድኳት። ስለሞተሯ ምንም አልጠየቁኝም፣ «ከየት አመጣሃት?» ብቻ አሉኝ። ነገርኳቸው። ሳቁ። እሳት የሚሰጣትን ካንዴላ ፈተው መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው አሳዩኝ፤ ጫፉ ጥላሸት ለብሷል፣ ልክ የምጣድ ቂጥ። «አየር አጥሯት ነው ልጄ። ታች የለመደችውን ቤንዚን እዚህም ትጠጣለች፣ የምታቃጥልበት አየር ግን የለም።»

ነገሩ ይሄው ነው። ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ዕቃ) ያላት ሞተር ቤንዚኑን የምትለካው ለተስተካከለችበት ከፍታ ነው፤ ከፍ ባልክ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ቤንዚኑ ግን በዚያው ልክ አይቀንስም፣ ስለዚህ ይበዛባትና ትታፈናለች። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ላይ ነች። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሰባ በመቶ ገደማ ነው። ጣርማበር ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ እዚያ ይብሳል። ስለዚህ ወረቀቷ ላይ 12 የፈረስ ጉልበት የተጻፈላት ሞተር እኛ አገር ስትመጣ 9 ቢቀራት ነው። እሳቸው ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ በጠበበ ቀየሩት፣ አየር ማጣሪያውን አጸዱት፣ ጭሱ ጠፋ። የጎደለው ጉልበት ግን አልተመለሰም፤ አየር ከየት ይምጣ?

እና ሰው «ስንት ሲሲ ልግዛ?» ሲለኝ መልሼ የት እንደሚነዳት ነው የምጠይቀው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ብቻህን ከቤት ሥራ የምትመላለስ ከሆነ 100 ሲሲም ታደርስሃለች፣ በቤንዚንም ትቆጥባለች። ሰው ጭነህ ዳገት ልትወጣ ካሰብክ ግን 100 ሲሲ እዚህ ከፍታ ላይ እሷም ታሳዝናለች፣ አንተንም ታሳዝንሃለች። 125 እስከ 150 ነው የኔ ምክር። 200ና 250 መጥፎ ሆነው አይደለም፤ ከባድ ናቸው፣ ጀማሪ ደግሞ ይወድቃል። በእርግጠኝነት ይወድቃል። አብዛኛው ሰው የሚወድቀው ደግሞ ቆሞ ወይም ሲዞር ነው እንጂ ሲበር አይደለም፤ ያኔ የወደቀችውን ብረት ብቻህን ማንሳት አለብህ።

አሁን አዳዲሶቹ በካርቡራተር ፋንታ በኢንጀክሽን የሚሰሩት ከፍታውን በሴንሰር እያወቁ ቤንዚኑን ራሳቸው ይቀንሳሉ፣ ካንዴላ አያጠቁሩም። ጥሩ ነው። ግን እነሱን የሚያውቅ መካኒክ መሀል ሜዳ ወይም እነዋሪ ድረስ ፈልገህ ታገኛለህ? ካርቡራተር ከሆነች በመፍቻና በአንድ ጨርቅ መንገድ ላይ ትፈታታለች። ቦክሰር የምትባለዋን ሞተር ሰው ሁሉ የሚገዛት ስለምታምር አይደለም፣ መለዋወጫዋ ሱቅ ሁሉ ውስጥ ስላለ ነው። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ቆንጆዋን ገዝተህ ለአንድ የፍሬን ሸራ አዲስ አበባ ሰው ከመላክ…

ወደ ጭቃው ልምጣ። እናቴ ያለችው ጅሩ ነው። ጅሩን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አፈሩ ጥቁር መረሬ፣ ስንዴና ጤፉ ጉድ የሚያሰኝ፣ በሬው ሰንጋ። ክረምት ላይ ግን ያ አፈር እንደ ሙጫ ነው። በሐምሌ ከዋናው መንገድ ወርጄ ወደ ቤት ሳቀና አንድ መቶ ሜትር እንኳ አልሄድኩም፣ የፊት ጎማዬ መዞር አቆመ። ወርጄ ሳይ ጭቃው በጎማውና በመከላከያው መካከል ገብቶ እንደ ጡብ ተጠቅጥቋል። ከአጥር እንጨት ሰብሬ ጠረግኩት። ተነሳሁ፣ ሃያ እርምጃ፣ እንደገና ቆመች። አምስት ጊዜ ያህል ጠረግኩ። አንድ አህያ የሚነዱ አባት ቆመው አዩኝና «አያ፣ ይቺ ነገር ጭድ ትበላለች?» አሉኝ። አትበላም አልኳቸው። «እሱ ነው አቅም ያሳጣት» ብለው አለፉ። እየተቃጠልኩ ሳቅኩ።

የችግሩን ምክንያት በኋላ ነው የገባኝ። የከተማ ሞተር የፊት መከላከያዋ ጎማውን ሊነካ ትንሽ ነው የሚቀረው፣ ጭቃው መውጫ የለውም። የገጠር ሞተር ግን መከላከያዋ ከፍ ብሎ ከላይ ነው የተሰቀለው፣ ጎማዋም ጥርሱ የሰፋ ነው፣ ጭቃውን እያፈናጠረ ይሄዳል። የግብርናና የጤና ባለሙያዎች ዲቲና ኤጂ የሚባሉትን የያማሃ ሞተሮች ሲነዱ እያየሁ ነው ያደግኩት፣ ለምን እንደሆነ ግን አስቤበት አላውቅም ነበር። «ኤጂ» የሚለው ስሟ ራሱ ከእርሻ የመጣ ነው፣ ለገበሬ ታስባ የተሰራች።

እነሱንም ቢሆን ዘለህ አትግዛ። ዲቲና ኤጂ 100 ዘይትና ቤንዚን አብረው የሚያቃጥሉ ባለ ሁለት ስትሮክ ናቸው። ጣርማበርን ቁልቁል ስትወርድ ነዳጅ ዘግተህ ከሄድክ ለኢንጂኗ የሚደርሰው ዘይትም አብሮ ይቀንሳል፤ ኢንጂኗም እንደ ባለ አራት ስትሮኳ ይዛ አታወርድህም። ስለዚህ የሚያወርድህ ፍሬን ብቻ ይሆናል፣ የከበሮ ፍሬን ደግሞ ረጅም ቁልቁለት ላይ ይግልና ይለሰልሳል። ለመጀመሪያ ሞተር ባለ አራት ስትሮክ ይሻላል። በሷም ቢሆን ቤንዚን ልቆጥብ ብለህ ማርሽ አውጥተህ በፎሌ አትልቀቃት! ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ፣ የድሮ ሾፌሮች እንደሚሉት።

ሌላው እግር ነው። ገጠር የምትሄደው ሞተር ቁመቷ ይረዝማል። ለምሳሌ ያማሃ ኤክስቲዜድ 125 ኮርቻዋ ከመሬት 84 ሳንቲሜትር ነው። እኔ አጭር ነኝ፣ አላፍርበትም። ስቀመጥባት መሬት የሚነካው የእግሬ ጣት ብቻ ነው። ጀማሪ ሆነህ ድንጋያማ መንገድ ላይ ስትቆም ሙሉ እግርህ መሬት ካልረገጠ ተገልብጠህ ታርፋለህ። ስለዚህ ከመግዛትህ በፊት ጫማህን አድርገህ ተቀመጥባት፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጋት፣ ጠፍታ በእግርህ ወደ ኋላ ግፋት። ሻጩ ቢስቅብህ ይሳቅ።

ያገለገለ ከሆነ የምትገዛው፣ አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ እነግርሃለሁ፤ ስትደርስ ኢንጂኗን በእጅህ ንካት። ቀዝቃዛ መሆን አለባት። ከሞቀች ሻጩ አስነስቶ አሙቋት ነው የጠበቀህ፣ ማለት ጠዋት በብርድ እምቢ የምትል ሞተር ነች። የደብረ ብርሃንን የኅዳር ውርጭ ታውቀዋለህ፣ ኮርቻው ላይ ነጭ ሆኖ ነው የሚያድረው። ሸዋ ሮቢት ላይ ይሄን ማየት አልችልም ነበር፣ እዚያ ብረት ሁሉ ትኩስ ነው። ከዚያ ብረቷ ላይ የተቀረጸውን የሻንሲ ቁጥር ከሊብሬው ጋር አስተያይ። በዓይንህ፣ ቁጥር በቁጥር፣ ጭቃውን ጠርገህ። «ሊብሬው በሂደት ላይ ነው» ካለህ ሻይህን ጠጥተህ ተመለስ። የሶስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ግዴታ ነው፣ በጀትህ ውስጥ አስገባው።

ሄልሜትም እንደዚያው። ሰው ለሞተሯ ያለውን ሁሉ ይከፍልና ለጭንቅላቱ ሲሆን የመንገድ ዳር ፕላስቲክ ይገዛል። ጥሩው ሄልሜት ጉንጭህን ጨመቅ ያደርጋል፣ አገጭህ ስር ይታሰራል፣ ራስህን ስትነቀንቅ አብሮ ይነቀነቃል እንጂ ብቻውን አይዞርም።

ጋቢ ለብሶ መንዳት ደግሞ… እኔም አድርጌዋለሁ፣ ብርድ ነው ምን ይደረግ። አንድ ቀን እናቴን ገበያ ላደርሳት ከኋላ አስቀመጥኳት። በጎን ነው የተቀመጠችው፣ «እግሬን ከፍቼማ አልቀመጥም» ብላ። ስንሄድ «ልጄ፣ ነጠላዬ ከበደኝ» አለች። ቀስ ብዬ ቆምኩ። ጫፉ ሰንሰለቱ ውስጥ ገብቶ ተጠቅልሎ፣ ዘይት በዘይት ሆኖ። ሌላ ሁለት ሜትር ብንሄድ አንገቷ ላይ ነበር የሚጠብቀው። ጥለቱን በቢላ ነው የቆረጥነው። ከዚያ ወዲህ ከኋላዬ የሚቀመጥ ሰው ጋቢውንም ነጠላውንም አጣጥፎ ጉያው ስር ያደርጋል፣ አለዚያ አላስነሳም። ለራሴ ወፍራም ጃኬት ገዛሁ።

ቤንዚን መንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠውን ካልቸገረህ አትቅዳ፣ ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም። ገጠር ስትወጣ ደግሞ ስለ መንገዱ ሁኔታ አስቀድመህ ደውለህ ጠይቅ፣ ይሄን የሸዋ ሰው አይነግሩትም።

ቀዩዋን ሞተር ከዓመት በኋላ ሸጥኳት። የገዛው ልጅ ሸዋ ሮቢት ነው የሚሰራው። በሳምንቱ ደውሎ «ጋሼ፣ ምን የመሰለች ሞተር ነው የሸጥክልኝ፣ ትበራለች እኮ!» አለኝ። እዚያ እንደምትበር አውቃለሁ። እኔ አሁን ያለችኝ ቀጥ ብላ የቆመች፣ ቀለሟ የደበዘዘ 150 ሲሲ ነች፤ አታምርም፣ ጅሩ ትደርሳለች። እናቴ «በቅሎህ» ነው የምትላት።

ለእህቴ ልጅ አንዲት ያገለገለች 125 አግኝቼለታለሁ፣ እዚሁ ደብረ ብርሃን። መንጃ ፈቃዱን እስኪያወጣ ከኔ ግቢ አትወጣም፣ በዚህ ተስማምተናል። ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ልናያት ቀጠሮ ይዘናል። ሻጩን «እኛ ሳንመጣ እንዳታስነሳት» ብዬዋለሁ። «ኧረ ምን ቆርጦኝ» አለኝ። እንደሚያስነሳት አውቃለሁ፣ ስለዚህ 1 ሰዓት ላይ በሩ ላይ ነን።